ከጡረታ ሒሳብ እያወጡ ትርፍን መለካት፦ እኛ ቤት እንዴት እንደምናሰላው

እኔና ባለቤቴ ጡረታ ከወጣን ወዲህ በየወሩ ከኢንቨስትመንት ሒሳባችን ገንዘብ እናወጣለን። ሶሻል ሴኩሪቲ፣ የመንግሥት ጡረታው፣ ብቻውን የሜሪላንድን ኑሮ አይችለውም። ሥራ ላይ ሳለን ነገሩ ቀላል ነበር። ከደመወዝ እየተቆረጠ ወደ ፎር ኦ ዋን ኬይ (በአሠሪ በኩል ወደሚከፈት የጡረታ ቁጠባ) ይገባል፣ ባላንሱ ይጨምራል፣ ስቴትመንቱን አየት አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ማውጣት ሲጀመር ግን ያው ወረቀት አልነበብ አለ። ባላንሱ ሲቀንስ ገበያው ወርዶ ነው ወይስ እኛ በልተነው? ሲጨምርስ በእርግጥ ስንት ሠርቶ ነው? ባለቤቴ ስቴትመንት በመጣ ቁጥር የምትጠይቀኝ ጥያቄ አጭር ነው፦ «ገንዘባችን እየሠራ ነው ወይስ እያለቀ ነው?» ይህን በትክክል ለመመለስ ረዘም ላለ ጊዜ ተቀምጬ አጥንቻለሁ። እዚህ ዲሲ አካባቢ የእኛ ዕድሜ ሰዎች በብዛት ጡረታ እየወጡ ስለሆነ ያገኘሁትን ልጻፍላችሁ።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት፣ ጥያቄዋ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች እንዳሉ ነው። ገንዘብ እየሠራም እያለቀም ሊሆን ይችላል። በደንብ ሠርቶ፣ እኛ ከሠራው በላይ ከወሰድን ያልቃል። ደካማ ዓመት አሳልፎም፣ ትንሽ ብቻ ከወሰድን ይበረክታል። ስለዚህ ሁለቱ የየራሳቸው መለኪያ አላቸው፤ በአንድ ቁጥር ሁለቱንም እመልሳለሁ ያለ ሰው ይደናገራል።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ባላንስ ብቻውን ትርፍን አይናገርም። ጎተራው ከጥር እስከ ነሐሴ ስለጎደለ አዝመራው ከፋ አይባልም፤ ቤተሰቡ በልቶበት ነው። ቁጥሩን ክብ ላድርግላችሁ። ጃንዋሪ 1 ላይ 300,000 ዶላር አለ እንበል። በየወሩ 1,250 ዶላር ይወጣል፣ በዓመት 15,000 ማለት ነው። ዲሴምበር 31 ላይ ሒሳቡ 303,000 ሆኖ ተገኘ። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ዓመቱን ሙሉ 3 ሺህ፣ 1 በመቶ ብቻ» ይላል። አይደለም። በእጁ የቀረው 303,000 ነው፣ የበላው 15,000 ነው፣ በድምሩ 318,000። ከ300,000 ተነስቶ 18,000 ዶላር ሠርቷል።

አሁን 18,000ውን ለስንት እናካፍል? ለ300,000 ብናካፍል 6 በመቶ ይመጣል። ግን 300,000ው ዓመቱን ሙሉ እዚያ አልነበረም፤ በየወሩ እየተቀነሰ ነበር። ወጪው በዓመቱ ላይ እኩል ከተሰራጨ፣ ግማሹን ከመነሻው መቀነስ ነው። 300,000 ሲቀነስ 7,500፣ 292,500። 18,000 ለ292,500 ሲካፈል 6.15 በመቶ ይሆናል። ይህ ስሌት ፒተር ዲትዝ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በ1960ዎቹ ካስተዋወቀው ዘዴ የመጣ ነው፣ በስልክ ካልኩሌተር ይሠራል። በየወሩ ተመሳሳይ መጠን ለሚያወጣ ሰው በቂ ነው ብዬ አምናለሁ። እናቴ ታማ ድንገት 8 ሺህ ዶላር ወደ አገር ቤት ልኬያለሁ፣ ወይም ለመኪና አንዴ ብዙ አውጥቻለሁ የሚል ሰው ግን ቀኑን የሚቆጥር ስሌት ያስፈልገዋል።

ለዚያ ኤክሴል ወይም ጎግል ሺትስ ላይ ኤክስ-አይ-አር-አር የሚባል ፎርሙላ አለ። ሁለት ረድፍ ብቻ ነው የሚፈልገው፦ በአንዱ ቀን፣ በሌላው መጠን። የመነሻውን ባላንስ የመቀነስ ምልክት አድርጋችሁ ትጽፋላችሁ፣ በዚያ ቀን ገንዘቡን ወደ ሒሳቡ እንዳስገባችሁ ተደርጎ ነው የሚታየው። ከዚያ ያወጣችሁትን እያንዳንዱን በቀኑ፣ ያለ መቀነስ ምልክት። በመጨረሻ የዓመቱን መዝጊያ ባላንስ፣ እሱንም ያለ ምልክት። ፎርሙላው የዓመት ትርፉን በመቶኛ ይሰጣችኋል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ከዓመት ላነሰ ጊዜ አትጠቀሙበት። በሦስት ወር የተገኘን 3 በመቶ ወደ ዓመት ዘርግቶ ከ12 በመቶ በላይ አድርጎ ያሳያችኋል፣ ያ ደግሞ ገና ያልተገኘ ትርፍ ነው።

የወጣው ገንዘብ ስንት ነው የሚለው ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከአይ-አር-ኤ፣ ማለትም ታክሱ ገንዘቡ ሲወጣ ከሚከፈልበት የግል የጡረታ ሒሳብ፣ ሲወጣ የፌደራል ታክስ አስቀድሞ ይቆረጣል፣ ሌላ ምርጫ ካላስገባችሁ 10 በመቶ ነው። 1,250 አዛችሁ ባንክ የሚደርሳችሁ 1,125 ነው። መጻፍ ያለበት 1,250ው ነው፤ 125ቷ ዶላርም ከፖርትፎሊዮው (ከኢንቨስትመንት ስብስባችን) ወጥታለች፣ መንግሥት ወሰዳት እንጂ ገበያው አልበላትም። የባንክ ደብተሩን እያየ የሚሞላ ሰው በዓመት 1,500 ዶላር ኪሳራ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ዲቪደንድም፣ ማለትም ኩባንያ ወይም ፈንድ ለባለ ድርሻው የሚከፍለው ገንዘብ፣ እንደዚሁ። ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንድ ትልቅ ሰው «እኔ ዋናውን አልነካም፣ ዲቪደንዱን ብቻ ነው የምበላው፣ ስለዚህ ምንም አላወጣሁም» ይሉኝ ነበር። «ጋሼ፣ ዋናው ራሱ ዘንድሮ ስንት ሆነ?» አልኳቸው። አብረን ተቀምጠን አየነው። በየወሩ ብዙ ከሚከፍሉት ፈንዶች አንዱን ይዘዋል። በክብ ቁጥር፣ 100,000 አስገብተው 10,000 ተከፍሏቸዋል፣ ዋናው ግን 92,000 ሆኗል። ሁለቱን ስንደምር 102,000፤ የሠራው 2,000 ዶላር፣ ወደ 2 በመቶ ገደማ ነው። 10 በመቶ የሚለው የክፍያው መጠን ነው፣ ትርፍ አይደለም። ፈንድ ዲቪደንድ ሲከፍል የከፈለው ያህል ከዋጋው ይወርዳል፣ ገንዘቡ ከሌላ ቦታ አይመጣም። ስለዚህ የተበላ ዲቪደንድ ወጪ ተብሎ ይመዘገባል። ያልተበላው፣ ተመልሶ አክሲዮን የተገዛበት ወይም ሒሳቡ ውስጥ በጥሬው የተቀመጠው፣ አይመዘገብም። ይህን ነገር አጥብቄ የምናገረው ብዙ ጡረተኛ «ብዙ ይከፍላል» በሚል ብቻ እየተመረጠለት ዋናው ከሥሩ ሲሟሟ ስለማይ ነው።

አሁን ወደ ከበደው ክፍል እንግባ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

የኢንቨስትመንት ድርጅቶች ትርፍን የሚያሳዩበት መንገድ አንድ አይደለም። አንዱ የገንዘባችሁን መጠንና ቀን የሚቆጥር ነው፣ ከላይ ያየነው ዓይነት። ሌላው ደግሞ የጊዜ ክብደት ያለው ይባላል፤ ማስገባትና ማውጣትን ከስሌቱ አስወጥቶ ኢንቨስትመንቱ ራሱ ምን ያህል እንደሄደ ብቻ ያሳያል። ይህ ሁለተኛው የገንዘብ አስተዳዳሪዎችን ለማወዳደር የሚመረጥ ነው፣ ደንበኛው መቼ እንደሚያወጣ እነሱ ስለማይወስኑ ፍትሐዊ ነው። ለእኛ ግን ግማሹን ታሪክ ብቻ ነው የሚነግረን።

በምሳሌ እንየው። ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 100,000 ዶላር አላቸው። ሁለቱም በዓመቱ አጋማሽ 20,000 ያወጣሉ። የመጀመሪያው ላይ ገበያው መጀመሪያ 20 በመቶ ወረደ፣ 80,000 ሆነ። 20,000 አወጣ፣ 60,000 ቀረ። ከዚያ 25 በመቶ ወጣ፣ 75,000 ደረሰ። ሁለተኛው ላይ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። መጀመሪያ 25 በመቶ ወጣ፣ 125,000። 20,000 አወጣ፣ 105,000። ከዚያ 20 በመቶ ወረደ፣ 84,000። ኢንቨስትመንቱ ለሁለቱም ያው ነው፣ 20 መውረድና 25 መውጣት ይጣፋሉ (0.80 በ1.25 ሲባዛ 1 ነው፣ ለውጡ ዜሮ ማለት ነው)፣ የጊዜ ክብደት ያለው መለኪያም ለሁለቱም ዜሮ በመቶ ይላል። ኪሳቸው ግን ሌላ ነው። አንዱ 5,000 ከስሯል፣ ሌላው 4,000 አትርፏል። በገንዘብ መለኪያው ስናሰላው አንዱ ወደ 5.6 በመቶ ኪሳራ፣ ሌላው ወደ 4.4 በመቶ ትርፍ። ልዩነቱን የፈጠረው ገበያው በወረደበት ሰዓት ማውጣት ነው እንጂ የኢንቨስትመንት ምርጫ አይደለም።

ጡረተኛን የሚጎዳው ዋናው ነገር ይህ ነው፣ የመውረዱ ጊዜ ከማውጣቱ መጀመሪያ ጋር ሲገጥም። በ2000 ጡረታ የወጣ ሰውን አስቡት። ኤስ ኤንድ ፒ 500፣ ማለትም የ500 ያህል ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች አክሲዮን መለኪያ፣ ዲቪደንድ ተጨምሮበትም በ2000 ወደ 9 በመቶ፣ በ2001 ወደ 12 በመቶ፣ በ2002 ወደ 22 በመቶ ወረደ፣ ሦስት ዓመት በተከታታይ፣ እሱ ደግሞ በየወሩ ያወጣል።

የቅርቡን ደግሞ 2022ን ሁላችንም እናስታውሳለን። ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከነዲቪደንዱ 18 በመቶ ገደማ ወረደ፤ ያድነናል ያልነው የአሜሪካ ቦንድ (ወለድ የሚከፍል የብድር ሰነድ) ኢንዴክስም 13 በመቶ ወረደ። 60 በመቶ አክሲዮን፣ 40 በመቶ ቦንድ የያዘ ሰው በዚያ ዓመት 16 በመቶ ገደማ አጣ። በ2023 አክሲዮኑ 26 በመቶ፣ ቦንዱ 5.5 በመቶ ስለወጣ ያው ድብልቅ ወደ 18 በመቶ ተመለሰ። 300,000 ይዞ በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ 15,000 የሚያወጣ ሰው ሁለቱ ዓመታት ሲያልቁ 264,800 አካባቢ ይኖረዋል። 35 ሺህ ጎደለ። ለባለቤቴ ይህን ስሠራላት መጀመሪያ ደነገጠች። ከዚያ ከፋፍዬ አሳየኋት፦ ከ35 ሺው ውስጥ 30 ሺው ለቤት ኪራይ፣ ለምግብና ለመድኃኒት የወጣ ነው። ገበያው የወሰደው 5 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። «ታዲያ መጀመሪያውኑ እንደዚህ ብትለኝ» አለች። እንደዚህ ተብሎ የሚጻፍ ስቴትመንት ግን እስካሁን በእጄ አልገባም።

እኔ የማደርገው ሁለቱንም ማስላት ነው። የጊዜ ክብደት ያለውን በየወሩ አሰላለሁ፦ የወሩ መዝጊያ፣ የሚቀጥለው ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ያለው፣ ለወሩ መነሻ፣ የዚያ ወር ገንዘብ ከወጣ በኋላ ላለው፣ ይካፈላል። የአሥራ ሁለቱን ወር ውጤት ማባዛትና ከሚመጣው ላይ 1 መቀነስ ነው። ለዚህ እንዲመች ወርኃዊ ክፍያችን ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን እንዲወጣ አድርገናል፤ የስቴትመንቱ መዝጊያ እንዳለ ያገለግላል፣ መሃል ወር ላይ ሲወጣ ግን የዚያን ቀን ባላንስ መፈለግ አለባችሁ። ይህን ውጤት ከገበያው ጋር አወዳድረዋለሁ። የገንዘብ መለኪያውን ግን ከማንም ጋር አላወዳድርም። እሱ የእኛ ታሪክ ነው፣ የጎረቤት የማውጫ ቀን ከእኛ አይገጥምም።

ከገበያው ጋር ሲባል ደግሞ ከየትኛው ገበያ? ቴሌቪዥን ላይ የሚነበበው ቁጥር የአክሲዮን ብቻ ነው፣ ዲቪደንድም የለበትም። 40 በመቶ ቦንድ የያዘ ሰው በ2023 «ኤስ ኤንድ ፒ ከነዲቪደንዱ 26 በመቶ ሄደ፣ እኔ 18 ብቻ» ብሎ ቢያዝን ራሱን በማይመስለው ነገር እየለካ ነው። የአክሲዮን ኢንዴክሱን በ60፣ የቦንዱን በ40 አባዝታችሁ፣ ሁለቱንም ከነዲቪደንድና ወለዳቸው፣ ደምራችሁ አወዳድሩ። ለዓመት ቀለብ በጥሬው ያስቀመጣችሁ ካለ እሱንም በድርሻው አስገቡ፤ ወይ ከሁለቱም ወገን አውጡት። አንዴ የመረጣችሁትን ግን በየዓመቱ አትቀያይሩ።

ክፍያ! ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሒሳባችንን ቀድሞ የሚያስተዳድር አንድ ድርጅት ነበር፣ በዓመት 1 በመቶ ይወስዳል። የሚልኩልን ሪፖርት ላይ ያለው ትርፍ ከክፍያው በፊት የተሰላ ነበር፣ በትንንሽ ፊደል ግርጌ ላይ ተጽፏል። 1 በመቶ ትንሽ ይመስላል። ከ300,000 ላይ ግን 3,000 ዶላር ነው። እኛ በዓመት የምንኖርበት 15,000 ነው፣ ስለዚህ እኛ ለኑሮ አምስት ዶላር ስናወጣ ለእነሱ አንድ ዶላር ይወጣል ማለት ነው። አማካሪ ጥሩ ሥራ ከሠራ ይከፈለው፣ እቃወማለሁ ማለቴ አይደለም። ግን ሁልጊዜ ጠይቁ፦ ይህ ቁጥር ከክፍያ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የእኔ ሒሳብ ነው ወይስ የሞዴሉ፣ ለማሳያ ያዘጋጁት? በየትኛው ዘዴ ነው የተሰላው? ራሳችሁ ስታሰሉ ክፍያውን እንደ ወጪ አትመዝግቡ፤ ተቀንሶ በቀረው ባላንስ ላይ ስታሰሉ ትርፉ የተጣራ ይሆናል።

እስካሁን «እየሠራ ነው?» ለሚለው ነው። «እያለቀ ነው?» ለሚለው መልሱ ሌላ ቁጥር ነው፣ እሱም ቀላል፦ በዓመት የምታወጡት ለዓመቱ መነሻ ባላንስ ሲካፈል። 15,000 ለ300,000፣ 5 በመቶ። ከላይ ባየነው የ2022 እና የ2023 ምሳሌ ደግሞ 15,000 ለ264,800፣ 5.7 በመቶ ይደርሳል። ያው 15,000 ነው፣ ሸክሙ ግን ከብዷል። ዊልያም ቤንገን የተባለ የገንዘብ አማካሪ በ1994 ባወጣው ጥናት ከዚህ በፊት በነበረው የአሜሪካ ገበያ ታሪክ በመጀመሪያው ዓመት 4 በመቶ፣ ከዚያ ያንኑ በግሽበት ልክ እየጨመረ ያወጣ ሰው ገንዘቡ ቢያንስ 30 ዓመት እንደሚቆይለት አሳይቶ ነበር። ሕግ አይደለም፣ መነሻ ነው። እኛ የራሳችንን መስመር 6 በመቶ ላይ አስምረናል። ጃንዋሪ ላይ ከዚያ ካለፈ የዓመቱን ወጪ እንቀንሳለን፣ የአዲስ አበባ ጉዞን ጨምሮ። ባለቤቴ አሁን ስቴትመንት ሲመጣ ባላንሱን ትታ ይህንን ቁጥር ነው የምትጠይቀኝ።

ግሽበትንም ጨምሩበት። የ6.15 በመቶ ትርፍ በ2022 ቢገኝ ኖሮ፣ በዚያ ዓመት የአሜሪካ ዋጋ 6.5 በመቶ ስለጨመረ፣ በእውነቱ ምንም አልተገኘም ማለት ነው፣ እንዲያውም ትንሽ ጎድሏል። በ2024 ግሽበቱ 2.9 በመቶ ነበር፣ ያው ትርፍ ወደ 3.2 በመቶ የመግዛት አቅም ይተዋል። ሶሻል ሴኩሪቲ በ2023 8.7 በመቶ የጨመረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የኢንቨስትመንት ሒሳብ ግን በራሱ እንዲህ አይጨምርላችሁም፣ ከፍ አድርጋችሁ የምታወጡት ከዋናው ነው።

በብር መለካትስ? በጁላይ 2024 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር አካባቢ ከ100 ብር በላይ ሄደ። «ሒሳቤ እጥፍ ሊሆን ነው» ያለ ወዳጅ ነበረኝ። ፖርትፎሊዮው ያን ወር ምንም አላደረገም። ኪራዩን በዶላር የሚከፍል ሰው በዶላር ይለካ። አገር ቤት ገብቶ ሊኖር ያሰበ ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው፣ እሱ የአዲስ አበባን ዋጋ ጭምር ማየት አለበት።

አንድ የቀረኝ ነገር ከ73 ዓመት በኋላ ያለው ነው። በሕጉ መሠረት ከ1951 እስከ 1959 የተወለደ ሰው ከ73 ዓመቱ ጀምሮ፣ በ1960 ወይም ከዚያ በኋላ የተወለደ ከ75 ጀምሮ ከአይ-አር-ኤው በየዓመቱ የግድ የሚያወጣው አለ። በ73 ዓመት ያለፈው ዲሴምበር 31 ባላንስ ለ26.5 ይካፈላል፤ 265,000 ካለ 10,000 ዶላር ነው። ይህ ገንዘብ ከአይ-አር-ኤው ወጣ ማለት ተበላ ማለት አይደለም። ታክሱን ከፍላችሁ የቀረውን ወደ ተራ የኢንቨስትመንት ሒሳብ ካዞራችሁት አሁንም የእናንተው ነው። ስለዚህ ሁሉንም ሒሳቦች፣ የባልንም የሚስትንም፣ እንደ አንድ ቤት ፖርትፎሊዮ ደምራችሁ ለኩ። ከአንዱ ወደ ሌላው የተዘዋወረ ወጪ አይደለም፤ ለኑሮና ለታክስ ከቤቱ የወጣው ብቻ ነው ወጪ። ለየብቻ የሚለካ ሰው አንዱ ሒሳብ ሲሟጠጥ ሌላው ያለ ምክንያት ሲያብጥ ያያል።

የድሮ ስቴትመንት ጠፍቶብኛል ብላችሁ አትተዉት። ከዛሬ ሃያ ዓመት በፊት ያስገባችሁትን መፈለግ አያስፈልግም። ያለፈው ዲሴምበር 31 ባላንስ በሁሉም ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ከእሱ ጀምሩ፣ ያወጣችሁትን በየወሩ ከነታክሱ ጻፉ።